በቤት አጠገብ ስለሚቆም ታላቅ ዛፍ
ከጎንደርና ከአውራጃዋ ታሪክ የተውጣጣ

ዛፍ ለቤት ወላጁ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ምሰሶው፥ ማገሩ፥ ወጋግራው፥ መዝጊያውና መስኮቱ ሁሉ ከእርሱ ይገኛሉና። ደግሞም ቤቱ ከተሠራ በኋላ ዛፉ በደጅ ቆሞ ጥላ ይሰጣል፥ ነፋስ ይከላከላል፥ ለንብ አበባ ያወጣል። ነገር ግን ይኸው ዛፍ ያረጀ እንደ ሆነ፥ ወይም ሥሩ ከግድግዳው በታች የገባ እንደ ሆነ፥ ወይም ግንዱ ወደ ጣራው ያዘመመ እንደ ሆነ፥ ወላጅነቱ ቀርቶ የቤቱ ሥጋት የሚሆንበት ቀን ይመጣል። ያን ጊዜ የቤቱ ጌታ በሁለት ሐሳብ መካከል ይጨነቃል። ብተወው ነፋስ ይጥልብኛል ይላል፤ ልቍረጠው ቢል ደግሞ በገዛ ቤቴ ላይ ይወድቃል ብሎ ይፈራል።

ይህ ጭንቀት በላይ አርማጭሆ በትክል ድንጋይ ከተማ በቆርቆሮ ጣራ አጠገብ ባሕር ዛፍ ላቆመ ሰውም፥ በጎንደር የነገሥታትን ቅጥር ለሚጠብቁ ሹማምንትም አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ የጎንደር አገር ሰው ከዛፍ ጋራ እንዴት እንደ ኖረ፥ ዛፍም በቤት ላይ ምን እንዳደረገ፥ እርሱንም ያለ ጉዳት ለማንሣት ምን ዓይነት ዐዋቂ እንደሚያስፈልግ በታሪክ መመልከት ለደብርም ለባለ ቤትም ይጠቅማል።

ስለ ጥንቱ የጎንደር ዛፎች

ዐፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ከተማ ያደረጓት እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1636 ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ በተከታታይ የነገሡት ነገሥታት በድንጋይና በኖራ ግንብ አሠሩ፤ ሕዝቡ ግን ቤቱን በእንጨት፥ በጭቃና በሣር ይሠራ ነበር። ግንቡም ቢሆን ያለ እንጨት አልቆመም፤ የፎቁ ወለል፥ የበሩና የመስኮቱ ጕበን፥ መዝጊያውም እንጨት ነበሩና። ለዚህ ሥራ ከሁሉ የተመረጡት ጥድና ወይራ ናቸው፤ ምስጥ በቶሎ አይደፍራቸውምና። ለመዝጊያ፥ ለበርጩማና ለከበሮ ደግሞ ለመፈልፈል የሚመች ዋንዛ ይፈለግ ነበር።

በዚያ ዘመን ዛፍ በቤት አጠገብ መትከል በጎንደር የተለመደ እንደ ነበረ ከውጭ አገር ሰዎች ምስክርነት ይታወቃል። ጄምስ ብሩስ የተባለው የእስኮትላንድ ሰው በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ እስከ 1764 ዓ.ም. ድረስ በከተማዪቱና በአካባቢዋ ተቀምጦ ነበር። በእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት በቍስቋምም ኖሯል። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1790 ዓመት ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለ አገሩ ዕፀዋት ሲጽፍ ስለ ዋንዛ ይናገራል። በጎንደር በየቤቱ ዙሪያ ሁለት ወይም ሦስት ዋንዛ ተተክሎ ስለ ነበር፥ ከሩቅ ከከፍታ ሲያዩዋት ከተማዪቱ ዱር ትመስል እንደ ነበረ ገልጧል። ክረምቱ ሊወጣ ሲልም፥ አዲስ ዓመት ከመግባቱ ጥቂት ቀን አስቀድሞ፥ ዋንዛው ሁሉ ባንድ ጊዜ ነጭ አበባ ሲያወጣ አገሩ ነጭ ልብስ የለበሰ ይመስል እንደ ነበረ ጽፏል።

ከዚህ ምስክርነት አንድ ትምህርት ይገኛል። የጎንደር ሰው በደጁ የተከለው ዋንዛ ነው፤ ወርካን ወይም ሾላን በግድግዳው ሥር አልተከለም። ዋንዛ መካከለኛ ዛፍ ነው፤ እንጨቱ ዋጋ ያለው ስለ ሆነም ሳያረጅ ለሥራ ይቈረጣል። ወርካ ግን ለሸንጎ፥ ለገበያና ለዕርቅ የሚሆን ሰፊ ጥላ ስላለው በሜዳ፥ ከቤት ርቆ ይቆማል። እያንዳንዱ ዛፍ በጠባዩ ቦታ ነበረው ማለት ነው። ችግር የመጣው ዛፉ ያለ ቦታው ሲገኝ ነው።

በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ስላሉ ዛፎች

በጎንደር 44 ታቦት ነበሩ እየተባለ በትውፊት ይነገራል። ከነዚህ አብያተ ክርስቲያናት አብዛኞቹ በጥር 1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ከተማዪቱን በወረረ ጊዜ ተቃጠሉ። ከእሳቱ ከተረፉት አንዱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። ዛሬም ይህን ቤተ ክርስቲያን የሚጐበኝ ሰው 12 ክብ ግንቦች ባሉት ቅጥር ውስጥ ረዣዥም ጥዶች ከበውት ያያል።

ይኸው ደብር ሌላም ነገር ያስተምራል። ዐፄ ኢያሱ አድያም ሰገድ ያሠሩት የመጀመሪያው ሕንጻ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1707 ዓመት በመብረቅ ተመቶ ጠፍቷል፤ አሁን የሚታየው ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። ብዙ ሰው ረዥም ዛፍ መብረቅን ወደ ራሱ ስቦ ቤቱን ያድናል ብሎ ያስባል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ረዥም ዛፍ በመብረቅ የመመታቱ ዕድል ብዙ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን እንጨት መብረቁን እንደ መዳብ ሽቦ ወደ መሬት በደኅና ስለማያወርደው፥ ኃይሉ ከግንዱ ወደ አጠገቡ ቤት ሊዘል ይችላል፥ ግንዱንም ሰንጥቆ ይጥለዋል። ከቤት እጅግ የቀረበ ረዥም ዛፍ የመብረቅ መከላከያ ነው ተብሎ ሊታመንበት አይገባም።

የሆነ ሆኖ በሰሜኑ አገር ጥንታዊው ዱር በብዙ ስፍራ ጠፍቶ ሳለ እስከ ዛሬ ተርፎ የሚገኘው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። ዓለማየሁ ዋሴ የተባሉ የደን ሊቅ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርምረው በነዚያ ውስጥ 168 ዓይነት ዕንጨታማ ዕፀዋት እንዳገኙ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2007 ዓመት ባቀረቡት የጥናት መጽሐፍ አስታውቀዋል። በሌላው መሬት የማይገኝ ዝግባና ጥድ በነዚህ ቅጥሮች ይገኛል። እንግዲህ በደብር ቅጥር የቆመ አሮጌ ዛፍ ለማገዶ እንደሚፈለግ ግንድ አይቈጠርም። ለአገሩ ዘር የሚያስቀር፥ አባቶች ጠብቀው ያቈዩት ሀብት ነው። ስለዚህም ቤተ ክርስቲያኑን ያሰጋል የተባለ ዛፍ ሲኖር መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ መቈረጡ የግድ ነውን የሚል መሆን ይገባዋል።

በፋሲል መዋኛ ስለሚታየው ሥር

ዛፍ በግንብ ላይ የሚያደርገውን ለማየት የሚወድ ሰው ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ በቀሐ ወንዝ አቅራቢያ ወዳለው የፋሲል መዋኛ ይሂድ። በየዓመቱ የጥምቀት በዓል የሚከበርበት ይህ ስፍራ በድንጋይ ቅጥር የታጠረ ነው። በቅጥሩም ላይ የወርካ ወገን የሆኑ ታላላቅ ዛፎች ቆመው፥ ሥራቸው እንደ ገመድና እንደ እባብ እየተጠማዘዘ በድንጋዩ ላይ ወርዶ ከመሬት ገብቷል። የሚያየው ሰው ዛፉ ግንቡን ይብላው ወይም ይደግፈው ለማወቅ ይቸገራል። እውነቱን ለመናገር ሁለቱንም ያደርጋል።

የዚህ ዓይነት ዛፍ በግንብ ላይ የሚበቅልበት መንገድ እንዲህ ነው። ወፍ የወርካን ፍሬ ትበላና ዘሩን ከኵሷ ጋራ በግንቡ ስንጥቅ ትጥላለች። ዘሩ በስንጥቁ ውስጥ ካለው ጥቂት አፈርና እርጥበት ይበቅላል። በመጀመሪያው ዓመት እንደ ጣት የቀጠነ ነው፤ ሕፃን ልጅ በሁለት ጣቱ ሊነቅለው ይችላል። ቆይቶ ግን ሥሩ ኖራውን እየሰነጠቀ ወደ ታች ይወርዳል፥ መሬትም ከነካ በኋላ ምግብ ስለሚበዛለት እየወፈረ ድንጋዩን ከድንጋይ ያለያያል። በመጨረሻ የግንቡ ድንጋዮች እርስ በርሳቸው መያያዛቸው ቀርቶ በሥሩ መረብ ብቻ ታቅፈው ይቆማሉ። ያን ጊዜ ዛፉን በድንገት የነቀለ ሰው ግንቡን አብሮ ይነቅለዋል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እንግዲህ ለዚህ ነገር የተነገረ ይመስላል።

በጎንደር ያሉት ግንቦች ብዙ መከራ አይተዋል። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1704 ዓመት የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰባቸው፤ በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ዘረፋቸው፤ የኢጣልያ ጦር በጎንደር እጁን እስከ ሰጠበት እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ድረስ በነበረው ጦርነትም በቦምብ ተጐዱ። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1979 ዓመት የፋሲል ግቢና በዙሪያው ያሉት ጥንታውያን ሕንጻዎች፥ መዋኛው ጭምር፥ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፉ። የመሬት መንቀጥቀጥና ጦርነት ባንድ ቀን መጥተው ያልፋሉ። የዛፍ ሥር ግን ሌሊትና ቀን ሳያርፍ ስለሚሠራ፥ ግንብ ጠባቂው በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ በስንጥቁ የበቀለውን ችግኝ ሁሉ ቢነቅል ከብዙ ወጪ ይድናል።

እንዲህ ያለ ነገር በሌላ አገርም አለ። በካምቦዲያ አገር ታ ፕሮም የሚባል በ12ኛው መቶ ዓመት የተሠራ መቅደስ አለ፤ ለብዙ ዘመን ተትቶ ስለ ቆየ ታላላቅ ዛፎች በጣራውና በግድግዳው ላይ በቅለው ሥራቸው ድንጋዩን አቅፎታል። ፈረንሳውያን ሊቃውንት የአንግኮርን መቅደሶች ሲጠርጉ ይህን አንዱን ከነዛፉ ሊተዉት መረጡ። ይህም ማለት ምንም አልተደረገም ማለት አይደለም። የሚወድቀው ድንጋይ በድጋፍ ተይዟል፥ የደከመው ቅርንጫፍም ይጠበቃል። ዛፍ ማቈየትም እንደ መቍረጥ ሁሉ የዐዋቂ ሥራ ነውና።

ስለ ባሕር ዛፍ መምጣት

በመንደሮች የዛፍና የቤትን ጉርብትና ፈጽሞ የለወጠው ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ ትውልዱ ከአውስትራልያ ሲሆን፥ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፥ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። አዲስ አበባ የማገዶና የቤት እንጨት አልቆባት መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ ነበር፤ ባሕር ዛፍ በቶሎ ስለ ደረሰ ከተማዪቱ በስፍራዋ ቀረች። ከዚያ በኋላ ዛፉ በደጋው አገር ሁሉ ተስፋፋ፤ የጎንደር አውራጃም ቤቷን፥ አጥሯንና ማገዶዋን በእርሱ ላይ አደረገች።

ባሕር ዛፍ ለድኃ ታላቅ ባለውለታ ነው። ተቈርጦ ከጉቶው ይበቅላል፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ አጣና ይሆናል። ነገር ግን ሰው ለአጣና ብሎ በጓሮው የተከለውን ሳይቈርጥ 30 እና 40 ዓመት ቢያቈየው፥ ከጣራው ሦስትና አራት እጥፍ የሚረዝም ታላቅ ግንድ ይሆንበታል። በዚህ ጊዜ መንደሩ ተለውጧል። ባዶ የነበረው ጓሮ በጎረቤት ቤት ተሞልቷል፥ የኤሌክትሪክ ሽቦ በመንገዱ ላይ ተዘርግቷል፥ የሣሩ ጣራም ቆርቆሮ ሆኗል። ዛፉ ቢወድቅ ባዶ ሜዳ የነበረው ወገን አሁን ሕፃናት የሚተኙበት ክፍል ነው። አባት በደስታ የተከለው ዛፍ ለልጅ ሥጋት የሚሆነው እንዲህ ባለ መንገድ ነው።

ስለ ባለ ሙያ ክብር

የጎንደር ታሪክ ስለ ባለ ሙያ ደስ የሚያሰኝም የሚያሳዝንም ነገር ይዟል። ከተማዪቱን በግንበኝነት፥ በአናጢነትና በአንጥረኝነት ካገለገሉት መካከል ቤተ እስራኤል ዋናዎቹ ነበሩ። ምሳሩን፥ መጥረቢያውንና ማረሻውን የሚቀጠቅጡ እጆች የነርሱ ነበሩ፤ ከጎንደር በስተሰሜን ያለችው ወለቃ በሸክላና በብረት ሥራቸው ታወቀች። ከነርሱ እጅግ ብዙዎቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል አገር ሄደዋል። ሰው ሁሉ በሥራቸው እየተጠቀመ፥ ብረት ሠሪውን ቡዳ ነው እያለ ይሰድብና ይሸሽ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ማውጣታቸው ይህ ክፉ ልማድ በአገሩ ሁሉ ሥር የሰደደ ስለ ነበረ ነው።

የዚህ ልማድ ቅሬታ በዛፍ ቍረጣ ሥራ ላይ እስከ ዛሬ ይታያል። ብዙ ሰው ዛፍ መቍረጥ ጉልበት እንጂ ዕውቀት የማይጠይቅ ሥራ ነው ብሎ ያስባል፤ ስለዚህ በገበያ ቀን መጥረቢያ ተሸክሞ ያገኘውን ጐበዝ በርካሽ ይቀጥራል። በሌላው አገር ግን ይህ ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ከሆነ ቆይቷል። ትውልዱ እንግሊዛዊ የሆነ ጆን ዴቪ የሚባል ሰው በአሜሪካ አገር ተቀምጦ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1901 ዓመት የዛፍ ሐኪም የሚል መጽሐፍ አሳተመ፤ ዛፍን መመርመር፥ ማከም፥ መመልመልና ማንሣት እንደ ሕክምና የሚማሩት ጥበብ መሆኑን ብዙዎች ከእርሱ ተረዱ።

እንጨትን አቃልሎ ማየት ምን እንደሚያስከትል ጎንደር በኅዘን አይታዋለች። በጥር 2012 ዓ.ም. በጥምቀት በዓል በፋሲል መዋኛ ለተመልካች ከእንጨት የተሠራ ደረጃ በሰው ብዛት ተደርምሶ 10 ያህል ሰዎች ሞቱ፥ ብዙዎችም ቈሰሉ። ያ የዛፍ መውደቅ አልነበረም፤ ነገር ግን እንጨት ምን ያህል እንደሚሸከምና በየት በኩል እንደሚሰበር አስቀድሞ መለካት የሰው ነፍስ የሚያድን ሥራ መሆኑን ያሳያል።

ዐዋቂ ሠራተኛ እንዴት እንደሚሠራ

እውነተኛ ባለ ሙያ ወደ ዛፉ ሲመጣ መጋዙን ወዲያው አያነሣም። አስቀድሞ ዙሪያውን ይዞራል። ግንዱ ወዴት እንዳዘመመ፥ ቅርንጫፉ በየትኛው ወገን እንደሚከብድ፥ ሥሩ ከመሬት ተነሥቶ እንደ ሆነ፥ በግንዱ ላይ እንጉዳይ በቅሎ እንደ ሆነ ይመለከታል። ግንዱን በመዶሻ እየመታ ድምፁን ያዳምጣል፤ ውስጡ የበሰበሰ ዛፍ እንደ ከበሮ ያስተጋባልና። ከዚህ ምርመራ በኋላ አንዳንድ ጊዜ ዛፉ መቈረጥ አያስፈልገውም ብሎ ይመክራል። የደረቀውን ቅርንጫፍ መመልመል ወይም ወደ ጣራው የተዘረጋውን ማሳጠር ይበቃ ይሆናል። ገንዘብ የሚያገኝበትን ሥራ ትቶ ዛፉ ይቈይ የሚል ሠራተኛ ምክሩ ሊታመን ይገባዋል።

ዛፉ በሜዳ ያለ ከሆነ ባንድ ጊዜ ሊጣል ይችላል። ባለ ሙያው እንዲወድቅበት በሚፈልገው ወገን ከግንዱ ወርድ አንድ አምስተኛ ወይም አንድ አራተኛ የሚገባ፥ እንደ ተከፈተ አፍ ያለ ጉርድ ያወጣል። ቀጥሎ በጀርባው በኩል ከአፉ ወለል ጥቂት ከፍ አድርጎ ይቈርጣል፤ ነገር ግን መጋዙን እስከ አፉ አያደርሰውም። ከግንዱ ወርድ አንድ ዐሥረኛ የሚያህለውን፥ ግንዱ 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 6 ሳንቲ ሜትር ያህሉን፥ ሳይቈርጥ ይተወዋል። ይህ የቀረው እንጨት እንደ በር ማጠፊያ ሆኖ ዛፉን ወደ ታሰበው ስፍራ እየመራ ያወርደዋል። ዛፉ ወደ ኋላ ተመልሶ መጋዙን እንዳይነክስ በጀርባው ቍርጥ ሽብልቅ ይመታበታል። ያልተማረ ቈራጭ ብዙ ጊዜ የሚስተው በዚህ ነው። ግንዱን ዙሪያውን እየፈለጠ ማጠፊያውን ጨርሶ ስለሚቈርጠው፥ ዛፉ ጌታ እንደሌለው በቅሎ ወደ ወደደው ይሄዳል።

በቤት አጠገብ ያለ ዛፍ ግን ባንድ ጊዜ አይጣልም፤ ከላይ ወደ ታች በቍራጭ ይወርዳል። አንዱ ሠራተኛ በወገቡ ቀበቶና ገመድ ታስሮ ይወጣል። ቅርንጫፉን ከመቍረጡ በፊት በገመድ ያስረዋል፤ ገመዱ በላይኛው ጠንካራ ባላ ላይ ዞሮ ከታች ባለው ባልንጀራው እጅ ይያዛል፥ በግንዱም ላይ ተጠምጥሞ ክብደቱ ይቀነሳል። ቅርንጫፉ ሲቈረጥ ተንጠልጥሎ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ቅርንጫፉ ካለቀ በኋላ ግንዱ ራሱ በአጭር በአጭሩ ይቈረጣል። ለምን እንዲህ እንደሚደረግ ለመረዳት ክብደቱን ማሰብ ይበቃል። ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር፥ ርዝመቱ 5 ሜትር የሆነ እርጥብ የባሕር ዛፍ ግንድ 14 ኩንታል ያህል ሊመዝን ይችላል። ይህን የሚችል የቆርቆሮ ጣራ የለም፥ በእጁ ገመድ ይዞ የሚያቆመውም ሰው አይገኝም።

የሥሩ ነገር ደግሞ ከግንዱ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሥሩ በግንብ ውስጥ የገባ እንደ ሆነ መጐተት አይገባም፤ ግንዱ ከላይ ተቈርጦ፥ ሥሩ በስፍራው እንዲደርቅ ተደርጎ፥ ከዚያ በኋላ ግንበኛው ድንጋዩን በተራ እያነሣ ሥሩን ያወጣል፥ እንደ ገና በኖራ ይገነባዋል። መሬቱ ዋልካ የሆነ እንደ ሆነም ሌላ ነገር ይታሰባል። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፥ በክረምት ያብጣል። ታላቅ ዛፍ ለብዙ ዓመት ውሃውን ሲጠጣ የኖረበት መሬት፥ ዛፉ ከተቈረጠ በኋላ እርጥበት ስለሚበዛበት ሊያብጥና የቤቱን መሠረት ሊያነሣ ይችላል። ስለዚህ ቤቱ ከተሠራ በኋላ ያደገውን ዛፍና ከቤቱ በፊት የነበረውን ዛፍ ዐዋቂ ሰው ለይቶ ይመለከታል፤ ይልቁንም ዛፉ ቤቱን የሚቀድም ከሆነ ከመቍረጡ በፊት የግንባታ ዐዋቂ ይጠይቃል።

ባለ ቤት ሊያደርገው ስለሚገባ ነገር

ባለ ቤት ወይም የደብር አስተዳዳሪ ሠራተኛ ሲቀጥር አስቀድሞ የሠራውን ሥራ ሄዶ ማየት፥ ያሠሩትንም ሰዎች መጠየቅ ይገባዋል። ገመድ፥ የራስ ቍርና የእግር መከላከያ የሌለው ሰው ዋጋው ቢረክስም ሊቀጠር አይገባም። ዋጋው፥ የሥራው ቀን፥ እንጨቱ ለማን እንደሚሆን፥ ጉቶው ይነቀል እንደ ሆነ፥ ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚከፍል፥ ሁሉም በጽሕፈት ተደርጎ በምስክር ፊት ይፈረማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለ ሀብት በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን እንዳይጐዳ ያዝዛል። በገዛ ጓሮ ያለ ዛፍም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለምና ጎረቤት አስቀድሞ ሊነገረው ያስፈልጋል።

የኤሌክትሪክ ሽቦ በአጠገቡ ያለ እንደ ሆነ ለመሥሪያ ቤቱ ሳያስታውቁና ኃይሉ ሳይቋረጥ መጀመር ለሞት መቸኰል ነው። ሥራው የሚጀመርበት ቀን መሬቱ በደረቀበት በበጋ፥ ሰዓቱም ነፋስ ሳይነሣ በጥዋት ቢሆን ይሻላል። ከሠራተኞቹ በቀር ማንም ሰው ከዛፉ ቍመት እጥፍ በሚያህል ርቀት ይቆያል፤ ልጆችና ከብቶችም ይጠበቃሉ። ዛፉ በጥንታዊ ቅርስ ላይ ወይም አጠገብ ያለ እንደ ሆነ ነገሩ ከባለ ቤቱ ሥልጣን ያልፋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው ቍጥር 209 የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ በቅርስ ላይ የሚደረግ የጥገናና የእንክብካቤ ሥራ አስቀድሞ የባለ ሥልጣኑን ፈቃድ እንዲያገኝ ያዝዛልና። በደብርም ቢሆን የሰበካው ጉባኤ ሳይመክርበት፥ ሽማግሌዎችም የዛፉን ታሪክ ሳይናገሩ፥ ባንድ ሰው ቃል ብቻ ምሳር ሊነሣ አይገባም። የቸኰለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው በእህል ነው፤ የወደቀ ዛፍን ግን ለቅሞ መመለስ አይቻልም።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚገኘው ፍሬ ነገር ይህ ነው። ብሩስ ያየው ዋንዛ ለቤቱ ጌጥ የሆነው በጠባዩና በመጠኑ ስለ ተተከለ ነው። የፋሲል መዋኛ ወርካ ግንቡን ያስጨነቀው በችግኝነቱ የሚነቅለው ስለ ጠፋ ነው። ባሕር ዛፍ በመንደር የሚያሰጋው በጊዜው ሳይቈረጥ ስለ ቆየ ነው። ሦስቱም ዛፎች በራሳቸው ክፉዎች አይደሉም፤ ጉዳት የሚመጣው ሰው በጊዜው ማድረግ የሚገባውን ሲያሳልፍ ነው። ጊዜው ካለፈ በኋላ ደግሞ የቀረው መድኀኒት ዐዋቂን መጥራትና የሙያውን ዋጋ ሳያጕድሉ መክፈል ነው። ይህም ዋጋ ከፈረሰ ግድግዳ፥ ይልቁንም ከሰው ነፍስ ጋራ ሲመዛዘን እጅግ ጥቂት ነው።

ዛፍ የሚተክል ትውልድና በዛፉ ላይ የሚፈርድ ትውልድ አንድ አይደሉም። ስለዚህ ዛሬ የሚተክል ሰው ችግኙ አድጎ የሚደርስበትን ቍመት አስቦ፥ ያን ያህል ከቤቱ አርቆ ይትከል። ባንድ ሥጋት ምክንያት አንድ አሮጌ ጥድ ወይም ወይራ የተቈረጠበት ደብርም፥ በዚያው ክረምት ከአገሩ ዘር ሌላ ችግኝ በሚገባው ስፍራ ቢተክል፥ ከ50 ዓመት በኋላ የሚመጡት ልጆች ጥላ እንጂ ጭንቀት አይወርሱም።